በየቀኑ የምትወጣ ሃያ ብር
ምንባብ፦ ምሳሌ 13፥11



ቁማር ኃጢአት መሆኑን ብዙ ጊዜ አስተምረናል። ድሀው ለምን እንደሚጫወት ግን ጠይቀን አናውቅም። በዚህ ትምህርት ይህን እንመርምር።

የብሔራዊ ሎተሪ በአገራችን የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ የካርታ ቁማርም ከዚያ በፊት ነበረ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የእግር ኳስ ውርርድ ተጨምሯል።

የቀን ሠራተኛውን እናስብ። ገቢው በጠብታ ነው። የሚያስፈልገው ግን በሬ፣ የጣራ ቆርቆሮ ወይም የቤት ኪራይ ነው፤ እነዚህም በአንድ ጊዜ ጠቅላላ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ዋስትና ስለሌለው ባንክ አያበድረውም። ስለዚህ ትኬቷ የቀረችው ብቸኛ በር ትመስለዋለች። ያሸነፈው ሰው ወሬ በሰፈሩ ይነገራል፤ የተበሉት ግን አፍረው ዝም ይላሉ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። በሳምንት ስድስት ቀን ሃያ ሃያ ብር ቢያወጣ 120 ብር ይሆናል፤ በ52 ሳምንት 6,240 ብር ነው። ስድስት ጨዋታዎችን በአንድ ትኬት ቢያያይዝና እያንዳንዱን የማወቅ ዕድሉ እኩሌታ ቢሆን፣ ሁሉንም የሚያገኘው ከ64 ጊዜ አንድ ጊዜ ነው። አወራራጁም ድርሻውን አስቀድሞ ስለሚያስቀር፣ ተጫዋቾች በጠቅላላው ከሰጡት ያነሰ ይመለስላቸዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን፤ ኪሳራም እንዲሁ በእግሩ ይሄዳል። የተበላውን ለማስመለስ ሲል የዘር እህሉን የሚሸጥ፣ ከጎረቤት የሚበደር አለ። በመጨረሻ የሚራቡት ልጆቹ ናቸው።

አባቶቻችን ግን ዕቁብን አውርሰውናል። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 120 ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት 2,400 ብር ይወስዳል፤ በሃያ ሳምንት ውስጥም ለሁሉም ይደርሳል። እዚህም ዕጣ አለ፤ ነገር ግን ዕጣው ተራን ይወስናል እንጂ የማንንም ገንዘብ አይበላም። ዳኛና ዋስ ስላለውም ሰውን ከራሱ ፈተና ይጠብቀዋል።

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ለዚህ ታስተምረናለች። በ1850ዎቹ ዓ.ም. ከስዊዘርላንድ ከክሪሾና የተላኩ ወንጌላውያን በዚያ ተቀምጠው በእጃቸው ሠርተዋል፤ የእጅ ሙያም አስተምረዋል። ወንጌልና የእጅ ሥራ በአንድነት መጡ። ምንባባችንም በችኮላ የመጣ ሀብት እንደሚመናመን፣ በእጅ ጥቂት በጥቂት የተሰበሰበ ግን እንደሚበዛ ያሳየናል።

ስለዚህ የሚጫወተውን ወንድማችንን ገሥጸን ብቻ አንተወው። ወደ ዕቁባችን እንጥራው፤ ዋስም እንሁነው። ተግሣጻችንን የሚሰማው ያን ጊዜ ነው።

ለመወያያ፦
1. በአካባቢያችን ሰዎች በቁማር የሚፈልጉት ምን ዓይነት ገንዘብ ነው?
2. በጉባኤያችን ዋስ አጥቶ ከዕቁብ ውጭ የቀረ ማን አለ?
3. የተበላ ሰው ሳያፍር ችግሩን የሚነግረው ለማን ነው?

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።