ከሐኪም ቤት ርቆ ስለ መታከም

በሽታ በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል። አንደኛው እንደ እንግዳ መጥቶ የሚሄድ ነው፤ ወባና ተስቦ ከዚህ ይቈጠራሉ። ሁለተኛው ግን ከሰውየው ጋር ቤት ይዞ የሚኖር ነው፤ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የልብ ድካም፣ አስምና ኤች አይ ቪ ከዚህ ወገን ናቸው።

የዚህ የሁለተኛው ዓይነት በሽተኛ በወር አንድ ጊዜ ሐኪም ፊት ቢቀርብ ምናልባት ሩብ ሰዓት ያህል ይታያል። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ኪኒኑን የሚውጠው፣ ጨው የሚቀንሰው፣ ራሱን ሲያዞረው «ልሂድ ወይስ ልተኛ» ብሎ የሚወስነው እቤቱ ሆኖ ብቻውን ነው። እንግዲህ ርቆ መታከም የሚባለው ነገር አዲስ ጥበብ መስሎ ቢታየንም፣ የሕክምናው ትልቁ ክፍል ዱሮውንም ከሐኪም ቤት ውጭ ነበረ። የጐደለው ሐኪሙ ያንን ቤት የሚያይበት መንገድ ነው።

ሩቅ ማለት ምን እንደ ሆነ የየካና የእንጦጦ ሰው ያውቀዋል። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከዳገቱ ላይ የሚኖር ሰው ከተማውን ቁልቁል ያየዋል፤ በካርታ ቢለኩት ቅርብ ነው፤ ለልብ በሽተኛ ግን መንገድ የሚለካው በዳገቱ ነው። ሲሄድ ይወርዳል፣ ሲመለስ መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ይጨመርበታል። ከዚህም ሌላ ካርድ ማውጣትና ተራ መጠበቅ አለ። በሽተኛው የቀን ሠራተኛ ከሆነ የዚያን ቀን ደመወዙ ይቀርበታል፤ እንጨት ሸጣ የምታድር እናት ከሆነችም ማታ የምታበስለው አይኖርም። ብዙ ሰው ቀጠሮውን የሚያፈርሰው ስንፍና ይዞት ሳይሆን ይህን አስልቶ ነው።

ይህን ችግር በሽቦ ለመፍታት ከሞከሩት ሰዎች አንዱ የሆላንድ ሊቅ ቪለም አይንትሆቨን ነበር። የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚጽፈው መሣሪያው ክብደቱ 270 ኪሎ ያህል ስለ ነበረ ከቤተ ሙከራው የሚነቃነቅ አልነበረም፤ በሽተኞቹ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ዓ. ም. በላይደን ከተማ 1.5 ኪሎ ሜትር በሚሆን የቴሌፎን ሽቦ የልባቸውን ምልክት ወደ ቤተ ሙከራው አስተላለፈ። በሽተኛው ከአልጋው ሳይነሣ ልቡ ሌላ ቤት ሆኖ ታየ ማለት ነው።

የእኛ ተራራ ታሪክ ግን ሽቦ የለበትም። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ከየአገሩ መጥተው፣ እዚያው አጠገቡ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በ1997 ዓ. ም. መድኃኒቱ በነጻ መታደል ሲጀምር፣ «ጠበል የሚጠመቅ ሰው ኪኒን ቢውጥ እምነቱ ጐደለ ማለት ነው» እያሉ መድኃኒቱን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ. ም. ግን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ መከሩ። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ቃል ከብዙ መሣሪያ ይልቅ ርቀትን አሳጥሯል፤ በሽተኛውን ከሐኪሙ ያራቀው ዳገቱ ብቻ አልነበረምና።

ከዚያም በ2010 ዓ. ም. ቀጠሮ የማራራቅ ዘዴ ተጀመረ። መድኃኒቱ እንደ ተስማማቸውና ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ እንደ ተዳከመ በምርመራ ለተረጋገጠላቸው አዋቂዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጣቸዋል። በዓመት ብዙ ጊዜ ይመላለስ የነበረው ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ይሄዳል፤ ነርሶቹም ጊዜያቸውን ለባሰባቸው ሕሙማን ያውላሉ። ችግር ግን የለበትም አይባልም። ሕመሙን ለቤተ ሰቡ ያልነገረ ሰው የስድስት ወር ብልቃጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ የት ይደብቀዋል?

ታዲያ የደም ግፊት ኪኒንስ ስለ ምን እንዲሁ አይሰጥም? ግፊታቸው ለዓመታት ተስተካክሎ ሳለ ለአንድ ወር ኪኒን ብለው ዳገት የሚወጡና የሚወርዱ ሽማግሌዎች በየሰፈሩ አሉ። እኔ ሊሰጣቸው ይገባል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን አንድ ቅድመ ነገር አለው። ግፊት ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ ምንም ስሜት ስለማይሰጥ፣ ቀጠሮው ከራቀ በመካከሉ እቤት መለካት አለበት። ኢንሱሊን ግን ሌላ ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው የስድስት ወር ኢንሱሊን ማስያዝ መድኃኒቱን ማበላሸት ነው። ለእንዲህ ያለው በጎንደርና በጅማ የተሠራበት ዘዴ ይሻላል፤ የስኳርና የሚጥል በሽታ ሕሙማንን ክትትል ከሆስፒታል አውጥተው በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ላሉ የሠለጠኑ ነርሶች ሰጡ።

ስለ መለካት ጥቂት ልጨምር። ዳገት ወጥቶ ወዲያው የተለካ ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሐኪም ሲያይ ብቻ ግፊቱ የሚጨምርም አለ። እቤት ሲለካ ግን በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት ቡና ሳይጠጣ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር አምስት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ክንዱን በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያሳርፋል፤ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለካል። የብዙ ቀን አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ለሐኪም መነገር አለበት። መለኪያው በቤት ከሌለ፣ ከ2002 ዓ. ም. ጀምሮ በየቤቱ እንዲዞሩ የተመደቡትን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መጠየቅ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ የእኛ ሥራ አለ። አያቶቻችን ማንበብ ባይችሉ እኛ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የላይኛውንና የታችኛውን ቍጥር በደብተር ልንጽፍላቸው እንችላለን። «ደኅና ነኝ» ብሎ በስልክ ከሚነገረው ይልቅ ከደብተሩ የተነበበ ቍጥር ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ዳሩ ግን ደረት የሚያስጨንቅ ሕመም ሲመጣ፣ አንድ ወገን ክንድና እግር ሲዝል ወይም አንደበት ሲተሳሰር፣ ለምክር የሚደወልበት ጊዜ አይደለም፤ ደብተሩን ትቶ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 መጥራት ነው።