ውሻና የመስቀል ደመራ

መስከረም 16 ቀን፥ በመስቀል ዋዜማ፥ በአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በኩል ባለው በቀራንዮ እንደ ሌላው ሰፈር ሁሉ ደመራ ይደመራል። ረጃጅም እንጨት ይቆማል፤ በጫፉም ዐደይ አበባ ይታሰራል፤ ሽማግሌዎችና ልጆችም ችቦ ይዘው ይዞሩታል። ይህ ለሰው ታላቅ ደስታ ነው፤ ለውሻ ግን ታላቅ ፍርሃት ሊሆን ይችላል።

በቀራንዮ አንድ ልጅ ነበረ፤ ቡቺ የሚባል ውሻም ነበረው። በዚህ በዓል ጓደኞቹን ለማሳቅ ብሎ በውሻው አንገት ረጅም ጥብጣብ አሰረና ወደ ደመራው ሊወስደው ተነሣ። አያቱም፥ «ልጄ፥ ውሻው በቤት ይቅር፤ እሳትና ጩኸት ለእርሱ በዓል አይደለም» አሉት። ልጁ ግን አልሰማቸውም።

ደመራው በተለኰሰ ጊዜ ሕዝቡ እልል አለ፤ ርችትም ተተኰሰ። ቡቺ ደነገጠና ከልጁ እጅ አምልጦ በጨለማው ውስጥ ጠፋ። ልጁ ስሙን እየጠራ በየመንገዱ ፈለገው፤ ነገር ግን አላገኘውም። በዚያች ሌሊት ደጁ ያለ ጠባቂ አደረ፤ ልጁም እንቅልፍ አልወሰደውም።

ሲነጋ ከአያቱ ጋራ ወጥቶ ሲፈልግ፥ ጥብጣቡ በአጥር እሾህ ተይዞ አንገቱን አንቆት፥ ውሻው ሲያጣጥር አገኙት። አያቱ ፈጥነው ፈቱለት። ቡቺም በጭንቅ ተነሣና የልጁን እጅ ላሰ። ልጁም አልቅሶ፥ «እኔ በደልሁት፤ እርሱ ግን አልተቀየመኝም» አለ።

ልጆች ሆይ፥ ቡቺ የሸሸው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። የውሻ ጆሮ ከሰው ጆሮ ይልቅ የሰላ ነው፤ እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ እንኳ ይሰማል። ስለዚህ የርችት ድምፅ እጅግ ያስጨንቀዋል።

እንግዲህ በበዓል ቀን አራት ነገር እናስብ።

አንደኛ፥ ደመራ ሳይለኰስ ውሻውን በቤት ውስጥ ጸጥ ባለ ስፍራ እናኑረው፤ ውሃም እናቅርብለት።

ሁለተኛ፥ በታኅሣሥ 29 ቀን ለገና ዛፍ የሚሰቀለውን የመብራት ሽቦና ክር ከአፉ እናርቅ፤ ሽቦውን ቢያኝክ ኤሌክትሪክ ይይዘዋል፤ ክር ቢውጥም አንጀቱን ይጐዳዋል።

ሦስተኛ፥ የበራ ሻማና ጧፍ በጅራቱ ሊጥለው በሚችልበት ስፍራ አናቁም።

አራተኛ፥ የዶሮ አጥንትና ሽንኩርት የበዛበትን ወጥ አንስጠው፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ ጕሮሮውን ይወጋል፤ ሽንኩርትም ደሙን ይጐዳል።

ጠቢቡ ሰሎሞን ጻድቅ ሰው ለእንስሳው እንደሚራራ አስተምሮናል። ውሻ ሌሊቱን ሁሉ ስለ እኛ ይነቃል፤ እኛም በደስታችን ቀን ስለ እርሱ እንንቃ።

ጥያቄ፤
1. አያቱ ለልጁ ምን ብለው መከሩት?
2. ውሻ የርችትን ድምፅ ስለ ምን ይፈራል?
3. አንተስ በቤትህ በበዓል ቀን ለውሻ ምን ታደርግለታለህ?