ጣፊያን የሚለካ ኮምፒውተር፦ ቆጠራውን ማን ያረጋግጣል?



ሰንጋ ተራ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የምንማር ሰዎች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጎረቤታችን ነው። የዛሬው ትምህርትም የእነሱን ምስልና የእኛን ኦዲት ያገናኛል።

ጣፊያ ለምን ታብጣለች?
ጣፊያ በግራ ጎናችን ከጎድን አጥንት ሥር ሆና ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳትን ታጣራለች። በጤነኛ አዋቂ ሰው ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ13 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ መጠኗም 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በአገራችን ወባ፣ ቢልሃርዚያና ካላዛር ያሳብጧታል። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፤ በመተማና በሑመራ ወደ ሰሊጥ እርሻ ለቀን ሥራ የሚሄዱ ወጣቶችን በብዛት ያጠቃል። ካልታከመ ይገድላል።

ኮምፒውተሩ እንዴት ይለካል?
ሲቲ ስካን ሆድን በስስ ንብርብር ያነሳል። ሐኪሞች ቀድመው የጣፊያን ጠርዝ በእጃቸው ባሰመሩባቸው ምስሎች የሠለጠነ ፕሮግራም፣ በአዲስ ምስል ላይ ጣፊያ የሆኑትን ጥቃቅን ኩቦች ለይቶ ይቆጥራል። አንዱ ኩብ 0.8 × 0.8 × 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን 3.2 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነው። 100,000 ኩቦች ከተቆጠሩ 320 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህም ከተለመደው በላይ ነው። ለዚህ ሥራ በስፋት የሚጠቀሙበት ዩኔት የተባለው ንድፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን አገር ፍራይቡርግ ውስጥ ወጣ።

ስህተቱ የት ይደበቃል?
የፕሮግራሙ ውጤት ዳይስ በሚባል ቁጥር ይመዘናል፤ የሁለቱ ሥዕሎች የጋራ ክፍል እጥፍ ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። አንድ ያበጠች ጣፊያ 1,000 ሚሊ ሊትር ሆና ፕሮግራሙ የታችኛውን 200 ቢተው፣ ዳይስ 1,600 ለ1,800 ሲካፈል 0.89 ይሆናል። ቁጥሩ ያማረ ነው፤ የጣፊያዋ አንድ አምስተኛ ግን ጠፍቷል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ታዋቂ የጣፊያ ምስል ስብስብ 61 የሲቲ ስካን ምስሎች አሉት፤ የተወሰዱትም ኒውዮርክ ውስጥ በካንሰር ከሚታከሙ ሰዎች ነው። እስከ እምብርት የወረደች የካላዛር ጣፊያን በበቂ ያላየ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ክፍል ሊስት ይችላል። ስለዚህ ጎንደር ላይ ከመጠቀም በፊት በጎንደር ሕሙማን ምስል መፈተን አለበት።

የምንይዘው
ያበጠች ጣፊያ ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አይደለችም። ካላዛርን የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ ወይም ከጣፊያ አሊያም ከመቅኔ የሚወሰድ ናሙና ነው። ከቆላ እርሻ የተመለሰ ዘመድ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ማሽን ሳይጠበቅ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የት እንደሠራም ለሐኪሙ ይንገር። ቁጥርን መመርመር ለምንማር ደግሞ እያንዳንዱ ቁጥር አማና ነው፤ ከጀርባው ሰው አለ።

መልመጃ፦ ፕሮግራሙ ከ600 ሚሊ ሊትር ጣፊያ 150ውን ቢተው ዳይስ ስንት ይሆናል? በቁጥሩ ብቻ ትተማመናላችሁ?