የአየርላንድ ስደተኞች የዘር ሐረግ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በ1841 በተደረገው ቆጠራ አየርላንድ ከስምንት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ነበራት። ከ1845 ጀምሮ የድኻው ዋና ምግብ የነበረውን ድንች በሽታ መታው። በተከተለው ረኀብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከዚያ የማያንስም አገሩን ጥሎ ባሕር ተሻገረ። ፍልሰቱ ረኀቡ ካለፈ በኋላም አልተቋረጠም።

የስደተኞቹ ዘሮች ዛሬ ቅድመ አያቶቻቸው የተነሡበትን መንደር ይፈልጋሉ። ፍለጋው ግን አድካሚ ነው። በ1922 በእርስ በርስ ጦርነት የደብሊን መዛግብት ቤት ሲቃጠል፣ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቆጠራዎች መዝገቦች አብዛኞቹ ዐመድ ሆኑ። እስከ 1911 ከተደረጉት ውስጥ በሙሉ የተረፉት የ1901 እና የ1911 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ፈላጊው ወደ ክርስትና መዝገብ፣ ወይም ከ1847 እስከ 1864 ወደ ተዘጋጀው የመሬትና የቤት ግምት መዝገብ ይዞራል። ይህም ቢሆን የአባወራውን ስም እንጂ የልጆቹን አይዘረዝርም።

ስምም ያሳስታል። በዚያ አገር የቤተ ሰብ ስም እንደ እኛ በየትውልዱ አይለወጥምና፣ በአንድ ስም የሚጠሩ የማይዛመዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። አኒ ሙር የተባለችው ልጃገረድ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዛ ጃንዩወሪ 1 ቀን 1892 ኒው ዮርክ ገባች፤ በዚያው ቀን በተከፈተው የኤሊስ ደሴት መቀበያ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ሆነች። ለብዙ ዘመን ግን በቴክሳስ የሞተች ሌላ አኒ ሙር እርሷ ናት ተብሎ ታመነ። በ2006 መዝገብ ሲመረመር የቴክሳሷ ሴት የተወለደችው እዚያው አሜሪካ፣ በኢሊኖይ ሆኖ ተገኘ። እውነተኛይቱ ከኒው ዮርክ ሳትርቅ ኖራ፣ አግብታና ወልዳ በ1924 ሞታ ነበር፤ መቃብሯ እስከ 2008 ድረስ ስም እንኳ አልተጻፈበትም።

የሰዋስው ማስታወሻ

«በቴክሳስ ሞተች» ብሎ የጻፈ ሰው ለነገሩ ራሱ ዋስ ሆኗል። «በቴክሳስ እንደ ሞተች ይነገራል» ያለ ግን ወሬውን ለተናጋሪው መልሷል። «ሳትሞት አልቀረችም» የሚለው በግምት ላይ የተመሠረተ ነው።

መልመጃ

1. «ቅድመ አያቴ በ1911 በኮርክ ትኖር ነበር።» ይህን ዐረፍተ ነገር፣ ነገሩን ከአክስቱ የሰማ ሰው እንደሚጽፈው አድርጋችሁ ለውጡ።

2. የአያታችሁን የትውልድ ስፍራ ጠይቃችሁ ዐሥር መስመር ጻፉ። የሰማችሁትንና በጽሑፍ ያያችሁትን በግሡ ለዩ።