መቅኔ የተተከለለትን ልጅ ከቫይረስ መጠበቅ፦ ለነርሶችና ለጤና መኮንኖች

በደም ካንሰር፣ በአፕላስቲክ አኒሚያ ወይም አብሮት በተወለደ የመከላከል አቅም ጉድለት ምክንያት ውጭ አገር ሄዶ መቅኔ የተተከለለት ልጅ አገሩ ሲገባ፣ ክትትሉን የሚረከበው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ታካሚ አይቶ የማያውቅ ክፍል ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ክፍል ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። የቀዶ ሕክምና ዕውቀት አይጠይቅም፤ ንቅለ ተከላው ራሱ እንደ ደም በደም ሥር የሚሰጥ ሴል ነው። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

1. የነጭ ደም ሴል ቁጥር አያዘናጋዎት

ከተከላው በፊት የሚሰጠው ከባድ ኬሞቴራፒ፣ አንዳንዴም ጨረር፣ የልጁን የቀድሞ መቅኔ ያጠፋል። የለጋሹ ሴሎች ቦታቸውን ሲይዙ ባክቴሪያን የሚዋጋው ኒውትሮፊል በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ቫይረስን የሚቆጣጠሩት ቲ ሊምፎሳይቶች ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ወረቀቱ “ነጭ ሴል ደህና ነው” ሲል ልጁ ከባክቴሪያ በመጠኑ ተጠብቋል ማለት እንጂ ከቫይረስ ድኗል ማለት አይደለም። ወላጆችም፣ ባለሙያዎችም የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው።

የለጋሹ ሴሎች የልጁን አካል ባዕድ አድርገው ሲያጠቁ የሚመጣው ሕመም (ጂቪኤችዲ) ካለ፣ ለእሱ የሚሰጠው ስቴሮይድ የመከላከል አቅሙን የበለጠ ያዘገየዋል። ለጋሹ ወላጅ ሆኖ በግማሽ ብቻ የሚዛመድ ከሆነም አደጋው ይጨምራል።

በመጀመሪያው ቀን አራት ነገር ጠይቀው በካርዱ አናት ላይ ይጻፉ፦ የተከላው ቀን፣ ለጋሹ ማን እንደሆነ፣ ልጁ አሁን የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ፣ እና ከተከላው በፊት ልጁና ለጋሹ ሳይቶሜጋሎቫይረስ (ሲኤምቪ) ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለው። ቀሪው ሁሉ የሚቆጠረው ከተከላው ቀን ነው። ቤተሰቡ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነገረዎት ወዲያው ከማስረጃው ጋር ያመሳክሩ።

2. የትኛው ቫይረስ መቼ ይጠበቃል

በመጀመሪያው ወር ዋናው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ነው፤ በተለምዶ ምች የምንለውን የከንፈር ቁስል የሚያመጣው። በአፍ ውስጥ የወጣን ቁስል “የኬሞቴራፒው ነው” ብሎ ማለፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ናሙና ይወሰድለት።

ከዚያ እስከ 100ኛው ቀን ድረስ ያለው ጊዜ የተኙ ቫይረሶች የሚነቁበት ነው። ሲኤምቪ ሳንባን፣ አንጀትንና ዓይንን ያጠቃል። ቀድሞ ነበረበት የተባለ ልጅ ቫይረሱ ካልነበረበት ለጋሽ ከወሰደ በተለይ ይጠንቀቁለት። አዴኖቫይረስ ከአዋቂዎች ይልቅ ሕፃናትን ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ በተቅማጥ ይጀምርና ወደ ደም፣ ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ ይዘልቃል። ቢኬ ቫይረስ የሽንት ፊኛን ያደማል። ደም የተቀላቀለበት ሽንትና የማያቋርጥ ሕመም እያለ አንቲባዮቲክ እየቀያየሩ እንደ ተራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ማከም ቀን ያባክናል፤ የረጋ ደም ከታየ ደግሞ ፊኛው ሊዘጋ ስለሚችል ጉዳዩ ድንገተኛ ነው። ኤችኤችቪ-6 የተባለው አንጎልን ሊያስቆጣ ይችላል፦ ልጁ ድንገት ቢደናገር፣ የቅርብ ነገር ቢረሳ ወይም ቢንቀጠቀጥ ያስታውሱት።

ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ (ኢቢቪ) የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሊምፎሳይቶችን ያለ ገደብ አባዝቶ ወደ ሊምፎማ ሊያደርሳቸው ይችላል። በአሜሪካ ሂውስተን ያለመከላከል አቅም ተወልዶ በፕላስቲክ ክፍል ውስጥ ያደገው ዴቪድ ቬተር፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ከእህቱ መቅኔ ተሰጠው። በመቅኔው ውስጥ ኢቢቪ ተኝቶ ነበር፤ ልጁ በወራት ውስጥ በየካቲት 1984 እ.ኤ.አ. በሊምፎማ ሞተ። ዛሬ ቫይረሱን በደም ውስጥ መለካት ይቻላል፤ ቀድሞ ከተደረሰበትም ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት አለ። ትኩሳት ያለበት፣ አንገቱ ላይ እጢ ያወጣ፣ ቶንሲሉ ያበጠ ወይም አዲስ ማንኮራፋት የጀመረ ልጅ በእኛ አገር እንደ ቶንሲል ወይም እንደ እጢ ቲቢ መታከም መጀመሩ አይቀርም። መቅኔ የተተከለለት ልጅ ከሆነ ግን ኢቢቪ ሳይመረመር አይታለፍ።

ከ100 ቀን በኋላ አልማዝ ባለጭራ ተራውን ይይዛል። ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ብርቱ የሆድ ሕመምና የጉበት ኢንዛይም መጨመር ብቻ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ይወቁ። የመተንፈሻ ቫይረሶች፣ ማለትም አርኤስቪ፣ ኢንፍሉዌንዛና ፓራኢንፍሉዌንዛ፣ ጊዜ አይጠብቁም፤ የወንድም ጉንፋን ለዚህ ልጅ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል።

3. ምርመራው ፒሲአር ይሁን

ፀረ እንግዳ አካል (አይጂጂ፣ አይጂኤም) የሚለካ ምርመራ ለዚህ ልጅ አያገለግልም። ልጁ ገና በበቂ አያመርትም፤ ኢሚውኖግሎቡሊን ከተሰጠው ደግሞ የሚታየው የሌላ ሰው ፀረ እንግዳ አካል ነው። የሚታመነው የቫይረሱን ዘረ መል የሚቆጥረው ፒሲአር ነው። ለሲኤምቪ ቢያንስ እስከ 100ኛው ቀን በየሳምንቱ ይደረጋል፤ ስቴሮይድ ላይ ላለ ልጅ ከዚያም ይቀጥላል።

ሁልጊዜ ወደ አንድ ላቦራቶሪ ይላኩ። ከፕላዝማ የተሠራን ውጤት ከሙሉ ደም ከተሠራው ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። ከአንድ ቁጥር ይልቅ አካሄዱ፣ ማለትም መጨመሩ ወይም መቀነሱ፣ ይበልጥ ይናገራል።

4. ትኩሳት

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ይታይ። ሙቀቱ ሳይለካ ፓራሲታሞል አይሰጥ፤ በፊንጢጣም አይለካ። ስቴሮይድ የሚወስድ ልጅ ትኩሳት ላያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ የትንፋሹን ፍጥነትና የኦክስጅን መጠኑን ይለኩ። ቫይረስ ጠርጥረው ቢሆንም የባክቴሪያውን ምርመራና ሕክምና አያዘግዩ።

5. ከታመመ ሰው ጋር ከተገናኘ

እዚህ ላይ የሚቆጠረው ጊዜ ነው። ኩፍኝ ካለበት ሰው ጋር ከተገናኘ ኢሚውኖግሎቡሊን በ6 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ቺክን ፖክስ ወይም አልማዝ ባለጭራ ከሆነ ልዩ ኢሚውኖግሎቡሊን ቶሎ፣ ቢቻል በ96 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ10 ቀን ውስጥ ይሰጣል። ስለዚህ ወላጆች “ሽፍታ ይወጣ እንደሆነ እንይ” ብለው ቤት እንዳይጠብቁ አስቀድመው ይንገሯቸው። ቺክን ፖክስ ሽፍታው ሳይወጣ 1 ወይም 2 ቀን ቀድሞ ስለሚተላለፍ ያለፉትን ቀናት ጨምረው ይጠይቁ። ተጋላጩ ልጅ ከ8ኛው እስከ 21ኛው ቀን፣ ኢሚውኖግሎቡሊን ከወሰደ እስከ 28ኛው ቀን፣ ከሌሎች ታካሚዎች ተለይቶ ይቆይ።

6. ክትባት፣ በተለይም የዘመቻ ክትባት

ልጁ ቀድሞ የተከተባቸው ክትባቶች ያስገኙለት መከላከያ ከተከላው በኋላ እየጠፋ ይሄዳል። ሕያው ያልሆኑት በአብዛኛው ከ6 ወር በኋላ እንደገና ይጀመራሉ። ሕያው የሆነው የኩፍኝ ክትባት ግን ከ24 ወር በፊት አይሰጥም፤ ከዚያም በኋላ ጂቪኤችዲ ወይም የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ካለ አይሰጥም። ቢሲጂም ይቅር።

ትልቁ ክፍተት ያለው ቤት ለቤት በሚደረገው የፖሊዮ ዘመቻ ነው። በአፍ የሚሰጠው ጠብታ ሕያው ቫይረስ አለበት፤ የወሰደ ልጅ ለሳምንታት በሰገራው ያወጣዋል። ለታካሚው ፈጽሞ አይሰጥ። አብረውት ለሚኖሩት ልጆች በመርፌ የሚሰጠው ይሁን። ጠብታው ከተሰጠ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የቅርብ ንክኪ ይቀነስ። ዘመቻ ሲታወጅ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደውሎ ቤቱን ማሳወቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እህትና ወንድሞች የኩፍኝና በየዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ መርፌ ቢወስዱ ግን ታካሚውን ይጠብቁታል፤ አይከልክሏቸው።

7. ቤት

“እንኳን ለዚህ አበቃችሁ” የሚል ጠያቂ ይበዛል፤ መሳሳምም አለ። እናትን ብቻዋን በር ላይ ጠባቂ አያድርጓት፤ “ሐኪሙ ከልክሏል” የምትልበት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይጻፉላት። ጉንፋን፣ ተቅማጥ ወይም ከንፈሩ ላይ ምች ያለበት ሰው ቀኑን ይለውጥ። አዴኖቫይረስ የአልኮል ሳኒታይዘርን ይቋቋማልና በውኃና ሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ በዕቃ ላይም ለሳምንታት ስለሚቆይ አሻንጉሊትና የበር እጀታ በበረኪና ይጸዳ። ወደ ጠበል የሚሄድ ቤተሰብ ካለ አይሟገቱ፤ ሰው ከተጨናነቀበት እንዲርቁ፣ ያልፈላ ውኃ እንዳይጠጣ፣ ከንስሐ አባታቸው ጋርም እንዲመካከሩ ያድርጉ።

8. መድኃኒት

አሲክሎቪር ብዙ ጊዜ ቢያንስ ለዓመት ይቀጥላል። ሲኤምቪን ለመከላከል ሌተርሞቪር የተጀመረለት ልጅ አሲክሎቪሩን እንዳያቋርጥ፤ ሌተርሞቪር ሄርፒስ ሲምፕሌክስንም ሆነ አልማዝ ባለጭራን አይከላከልም። በተጨማሪም የታክሮሊመስንና የሳይክሎስፖሪንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ጋንሲክሎቪር መቅኔን ስለሚያዳክም የደም ቆጠራ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ ሲያዘጋጁት ጓንት ያድርጉ። ፎስካርኔት ላይ ላለ ልጅ ኩላሊት፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይመርመር፤ ከሽንት በኋላም ብልቱ በውኃ ይታጠብ፤ ሽንቱ ስለሚያቆስል።

ደም ካስፈለገ ነጭ ሴሉ የተጣራና ጨረር ያለፈበት መሆኑን ከደም ባንኩ ጋር አስቀድመው ያረጋግጡ። ካልተገኘ፣ ደሙ አጣዳፊ ካልሆነ በቀር፣ ወደሚገኝበት ሆስፒታል ይላኩ። የተከላው ማዕከል ስልክና ኢሜይል በካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይስፈር፤ መጠን ከመቀየርዎ ወይም አዲስ መድኃኒት ከመጨመርዎ በፊት ይደውሉ።