የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ እንዴት ይሠራል?

በዩኒቨርሲቲ ስለ ሥነ ጽሑፍ ስንማር የምናነሣው ታላላቁን ልብ ወለድና ቲያትር ነው። ገና ፊደል ላልቈጠረ ልጅ የሚዘጋጀውን የሥዕል መጽሐፍ ግን ለጥናት የሚበቃ ነገር አድርገን አንቈጥረውም። ይሁን እንጂ ሰው በመጽሐፍ ውስጥ ራሱን መጀመሪያ የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በዚያ ነው። ስለዚህ አሠራሩን በአንድ ሰው ሥራ ላይ እንመርምር።

ኤዝራ ጃክ ኪትስ በ1916 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ፣ በብሩክሊን ሰፈር፣ ከፖላንድ ከመጡ አይሁዳውያን ወላጆች የተወለደ ሠዓሊ ነበር። በ1940 የአንድ ጥቁር ሕፃን ፎቶግራፎችን ከላይፍ መጽሔት ቈርጦ አስቀመጠ። ከሃያ ዓመት በኋላም በዚያ ልጅ አምሳል ፒተር የተባለውን ሕፃን ሣለ፤ በ1962 «በረዷማው ቀን» የተባለው መጽሐፍ ወጣ። በዓመቱም በአሜሪካ ለሥዕል መጽሐፍ የሚሰጠውን የካልዴኮት ሜዳይ አገኘ።

ታሪኩ አጭር ነው። ፒተር ማለዳ ሲነሣ ከተማው በበረዶ ተሸፍኗል። ቀይ ልብሱን ለብሶ ወጥቶ ይጫወታል፤ ለነገ እንዲሆነውም አንድ ድቡልቡል በረዶ በኪሱ ይዞ ይገባል። ማታ ኪሱን ቢፈትሽ ባዶ ነው፤ ያዝናል። ከዚህ ሦስት ትምህርት እናገኛለን።

አንደኛ፣ ነገሩ የሚለካው በልጁ ቁመት ነው። የበረዶ መቅለጥ ለአዋቂ ምንም አይደለም፤ ለፒተር ግን የሀብት መጥፋት ነው። ደራሲው በዚህ ኀዘን አይሥቅም።

ሁለተኛ፣ ቃልና ሥዕል ሥራ ይካፈላሉ። ፒተር ጥቁር መሆኑን ጽሑፉ በአንድ ቃል እንኳ አይናገርም፤ ሥዕሉ ያሳያል። ይህን ዝምታ የነቀፉ ተቺዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ዓይን ያየውን ምላስ ባይደግመው ጉድለት አይመስለኝም።

ሦስተኛ፣ ምክር አይሰበክም። ኪትስ በ1967 ባወጣው «የፒተር ወንበር» አባት የፒተርን የሕፃንነት ዕቃ ለአዲሲቱ እኅቱ ሮዝ ቀለም ይቀባዋል። ፒተር ተቈጥቶ ገና ያልተቀባችውን ትንሽ ወንበር ይዞ ከቤት ይወጣል፤ ሊቀመጥባት ቢሞክር ግን አልበቃችውም። «አድገሃልና አትቅና» ብሎ የሚገሥጸው የለም፤ ወንበሪቱ ነገረችው። በመጨረሻም ከአባቱ ጋር ሆኖ ለእኅቱ ይቀባታል።

ይህ ሁሉ የሰነፍ ጨዋታ እንዳይመስለን፤ ናንሲ ላሪክ የተባለች ተመራማሪ በ1965 ያወጣችውን ጥናት እናስታውስ። በሦስት ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ከታተሙት 5,206 የልጆች መጻሕፍት አንድም ይሁን ከዚያ በላይ ጥቁር ሰው የሚገኝባቸው ከመቶ 6.7 ብቻ ነበሩ። ጽሑፏም የሚጀምረው የሥዕል መጽሐፍ እያየች «ልጆቹ ለምን ሁልጊዜ ነጮች ይሆናሉ?» የሚል ጥያቄ ባነሣች አንዲት የአምስት ዓመት ጥቁር ሕፃን ነው። ልጅ ቤቱን በመጽሐፍ ካላየ፣ መጽሐፍ የሌላ ሰው ንብረት ነው ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ሕዝብም መልሱን ሰጥቷል፤ የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2020 ባወጣው ዝርዝር፣ በ125 ዓመት ታሪኩ ከሁሉ ይልቅ አንባብያን የተዋሱት «በረዷማው ቀን» ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ ለእኛ የሚሆን መልመጃ ልስጥ። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ ገጹ በስምንትና በዐሥራ ስድስት ስለሚከፈል ነው። ከቤታችን አንድ ጉዳይ እንምረጥ፤ ለምሳሌ ጨው እንድትበደር ጎረቤት የተላከች ልጅ። መንገዷን በዐሥራ ሁለት ሥዕል እንክፈል፤ በያንዳንዱም ሥር አንድ ዐረፍተ ነገር እንጻፍ። የውሻው ጩኸት ገጹ ከመገለጡ በፊት ይሰማ፤ ውሻው ከተገለጠ በኋላ ይታይ። ከዚያ ሥዕሉ የሚናገረውን ቃል ሁሉ እንሠርዝ። የቀረውን ለአንድ ሕፃን እናንብብለት፤ «ድገምልኝ» ካለ ሥራው ተሳክቷል።