«ደለለ» የሚለው ቃል ምንጭና ትርጓሜ

ደለለ ማለት አባበለ፣ ሸነገለ፣ በለሰለሰ ቃል ልብን ሳበ ማለት ነው። በግእዝ ለዚህ የሚስማማው ግስ ሰፈጠ ነው። ደላላ የሚለው ስም ግን ከዐረብኛው ደላል የመጣ ነው፤ ሥሩም አሳየ፣ መራ ማለት ነው። እንግዲህ ደላላ በጥንተ ትርጓሜው አመልካች እንጂ አታላይ አይደለም። በእኛ አፍ ግን ድለላ ለገበያውም ለሽንገላውም መጠሪያ ሆኗል። ቃሉን ሶምሶንን ከሸነገለችው ከደሊላ ስም የሚያወጡ አሉ፤ ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የዘር ማስረጃ አይሆንም።

ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ባለው አገር የሁለቱ ልዩነት በግልጥ ይታያል። ሶማሌዎች በከብት ገበያ የሚያገናኘውን ሰው ዲላል ይሉታል። እርሱ ሻጩን ያውቃል፤ ከብቱ የተሰረቀ እንዳይደለ ዋስ ይሆናል፤ ሻጭና ገዥ ሳይስማሙም ዋጋ አይቈረጥም።

በዚያው መንገድ ሌላ ድለላ አለ። ወጣቶች በሐርጌሳ በኩል ወደ ቦሳሶና ወደ የመን፣ ወይም በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ የሚወጡበት ስደት ታህሪብ ይባላል። ይህም ዐረብኛ ሲሆን በስውር ማሸሽ ማለት ነው፤ አስኮበለለ ከሚለው ቃላችን ጋር ይገጥማል። የኮበለለ ካለ ያስኮበለለ አለና። ደላላው ልጁን «አሁን ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ» ይለዋል። ልጁም ያለ ስንቅ፣ ያለ አባት ምክር ይነሣል። ዋጋው የሚነገረው ሊቢያ ከደረሰ በኋላ፣ በእገታ ቤት ነው። በዚያን ጊዜ እናት የልጅዋን ጩኸት በስልክ እየሰማች ያላትን ትሸጣለች። አጋቹን ሶማሌዎች ማጋፌ ይሉታል፤ የማይስት ማለት ነው።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 16 እንደ ተጻፈው፣ ደሊላ ሶምሶንን ስትነዘንዘው የፍልስጥኤም መኳንንት እያንዳንዳቸው 1100 ብር ሊሰጧት ቃል መግባታቸውን አልገለጠችለትም። እባብም ለሔዋን የፍሬውን ጥቅም ሲነግራት ሞቱን ካደ። ሁለቱም በግድ አልጐተቱም፤ ዋጋውን ሰውረው እሺታን ተቀበሉ።

ስለዚህ እኛ ካህናት ልጅ የጠፋባቸውን ወላጆች ስናጽናና «በፈቃዱ ሄደ» ማለታችን ከቃሉ ትርጓሜ ጋር አይስማማም። በ2012 ዓ.ም. በሰው መነገድን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቍጥር 1178 እንኳ ማታለልን ከዛቻና ከኀይል ጋር በአንድ ረድፍ ቈጥሮታል።